ጸበል ላይ የወጣልኝ አረፋ

ደብረ ብርሃን ቤቴ ፀጉሬን በሻምፖ አሽቼ ሳልጨርስ ውሃ ጠፋ፤ ወደ አንኮበር ጸበል የሚወስደን ሚኒባስ ደግሞ ደጄ ላይ ክላክሱን ያምባርቃል። ሳላለቀልቀው በሻሽ አስሬ ሮጥኩ።

ጸበሉ ገና አናቴን ሲነካው ነጭ አረፋ ፊቴን ሸፈነው። ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ጮህኩ!

«ለቀቃት! ለቀቃት!» ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። የማላውቃቸው እናቶች እያለቀሱ አቀፉኝ። ታዲያ ሻምፖ ነው ብዬ እንዴት ልናገር?

አጥማቂው አባ ግን ጎንበስ ብለው አሸተቱኝና «ልጄ፣ ምነው በእንዶድ ታጥበሽ ብትመጪ?» ሲሉ በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ከዚያ አረፋው የሚወርድበትን ጅረትና ከታች የሚጠጡትን ላሞች እያሳዩ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«እሷንማ ለቀቃት፤ አሁን ከብቶቻችን ላይ ሊሰፍር ነው!»