አባቴ የሚጠቁመው ሥዕል

ካዛንቺስ የነበረው ሰፈራችን ሲፈርስ እኔ፣ እናቴና አባቴ ከኦሎምፒያ ጀርባ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየን። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሚስማርና ቀለም የሸጠባት ሱቅም አብራ ፈርሳ ነበር። ወሬ ይወዳል። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲጫወት ነው የኖረው። በአዲሱ ቤት ግን ከጥበቃው በስተቀር የሚያወራው ሰው አጣ።

ሳሎኑ ነጭ በነጭ ነው፤ ሆስፒታል ይመስላል። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ፍሬም የሚሠሩበት ሱቅ ገብቼ ሥዕል ገዛሁ። የታተመ ነው እንጂ በእጅ የተሣለ አይደለም። በጥቁር ፍሬም ውስጥ ነጭ መደብ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ክብ፣ ከሥሩ የሸክላ ቀለም ያለው ግማሽ ክብ፣ በመሃላቸው ቀጭን መስመር። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም።

«አልጨረሱትም እንዴ?» አለች እናቴ።

አባቴ ሳቀ። «ተዪው፣ ዘመናዊ ነው» ብሎ ራሱ ሰቀለው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፤ አንደበቱም ተይዟል። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ አንድ ቃል ብቻ ቀረችው። ውሃ ሲጠማው «ይሄ»፣ ሲያመው «ይሄ»።

ሶፋው ላይ ስናስቀምጠው ፊቱ ወደ ሥዕሉ ነው። ቤት በገባ ማግስት ግራ እጁን አንስቶ ጠቆመው።

«ይሄ።»

«ምኑ አባዬ? ላውርደው?»

ራሱን ወዘወዘ። እሺ ይበል እምቢ አልገባኝም። አወረድኩት። ባዶውን ግድግዳ እያየ አለቀሰ። መልሼ ሰቀልኩት።

«ይሄ! ይሄ!»

ግራ ቢገባኝ አውርጄ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። በጣቱ ክቡን ቀስ ብሎ ዞረውና ቀና ብሎ አየኝ። መልስ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። እኔ ደግሞ ጥያቄውን እንኳ አላወቅሁትም።

እናቴ የራሷ ግምት ነበራት። «የድሮው ቤታችን ነው የታየው። ክቡ የግቢው የውሃ በርሜል ነው፤ መስመሩ ደግሞ አጥሩ። እንውሰደውና ይየው።»

አንድ እሁድ ታክሲ ኮንትራት ይዘን ካዛንቺስ ወሰድነው። ሰፊ አስፋልት፣ ረድፍ የያዙ መብራቶች፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሜዳ።

«በራችን እዚህ ጋ ነበር» አለች እናቴ።

«የለም፣ ወደዚያ ነው» አልኳት።

ሁለታችንም እርግጠኛ አልነበርንም። ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ጠበቀን። አባቴ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ፤ «ይሄ» እንኳ አላለም። ቤት ተመልሶ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ግን እጁ ተነሳ።

ሐኪሙን ጠየቅሁት። «ሊነግራችሁ የፈለገው ነገር ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል» አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ፊት ማልቀስ ስላልፈለግሁ በመስቀል አደባባይ በኩል በእግሬ ተመለስኩ።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ መጠቆም ተወ። እጁ ጭኑ ላይ ዋለ።

«ተመስገን፣ ተረጋጋልን» አለች እናቴ። እኔም ተመስገን አልኩ። ግን ከሥራ ስገባ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጣቴን ወደ ሥዕሉ እቀስራለሁ።

«ይሄ ነው አባዬ? ምኑ ነው፣ ንገረኝ እስቲ።»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ ያዞራል። እናቴ ሾርባውን ይዛ ትመጣለች፤ እኔ አንገቱን እደግፋለሁ፤ አፉን እንዲከፍትልን ሁለታችንም እንለምነዋለን።