ሳይፈቀድ የታተመው ግጥም

ከፕሪንተር ትኩስ ወረቀት ሲወጣ ሽታው ዛሬም፣ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት መሃል ቀጥ አድርጎ ያቆመኛል። ወዲያው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ ደረቅ፣ እኔ አውቃለሁ ባይ።

የኔታ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ቅዳሜ ቅዳሜ በተሰደድንበት አገር፣ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ፊደል ያስተምሩን ነበር። ግጥምም ይጽፋሉ፤ ጊዜው ባለፈበት የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ። ለፋሲካ በትንሽ መጽሐፍ ይታተምላቸው ሲባል፣ ከልጆቹ በአማርኛ ታይፕ ማድረግ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

ስለ ጾም፣ ስለ ትሕትና፣ ከከተማችን ስለሚታየው ተራራ በረዶ የጻፉትን እያዛጋሁ ገለበጥኩ። አንዷ ወረቀት ግን ከእንቅልፌ አነቃችኝ። ጃንጥላ መያዝ ስለማትወድ አንዲት ሴት ታወራለች፤ ዝናብ አብስብሷት ገብታ የባሏን ጋቢ ስለምትነጥቅ። ሴትየዋ ከዓመታት በፊት የሞቱት የየኔታ ባለቤት ነበሩ። ቄስ ሚስቱ ከሞተች ሌላ አያገባም። እኛም ሐዘናቸውን እንዳንቀሰቅስ ብለን የሟቿን ስም በፊታቸው አንስተን አናውቅም።

«ይቺን ተያት ልጄ» አሉኝ የኔታ ወረቀቷን እጄ ላይ ሲያዩ። «የቄስ ወግ አይደለም። ሰው ምን ይላል?»

«ኦኬ፣ የኔታ» አልኩና ቤተ መጻሕፍቱ ሄጄ መጽሐፉን ሳትም መጨረሻው ገጽ ላይ አስገባኋት። ልጅነት ክፉ ነው!

ምን እንደሠራሁ የገባኝ መጽሐፉ ከቅዳሴ በኋላ ሲታደል ነው። የኔታ መጨረሻውን ገልጠው ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄ ቼክ አልተደረገም እንዴ?» አለ የሰበካው ሊቀመንበር።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ግን «የኔታ፣ ስለ እሷ ናት አይደል?» አሉ። «እስቲ ያንብቡልን። እኛም እኮ ናፍቃናለች።»

አነበቡ። መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ኋላ በቅዳሴ ድምፃቸው። ጋቢው ጋ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያማ አዳራሹ በሙሉ ስለ ባለቤታቸው ያወራ ጀመር፤ ስንት ዓመት አፍኖት እንደኖረ ያን ቀን አየሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አፍሬ ልቀር ስል እናቴ ጎትታ ወሰደችኝ። የኔታ አልተቆጡኝም። አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

«ሁሉም ስለ እሷ የጻፍኳቸው ናቸው» አሉኝ። «ቶሎ በይ ልጄ፤ በእርሳስ ስለሆነ እየጠፋ ነው።»