የልዑካኑ ምሳ

የበደለኝ ዋርሳዬ ነው፤ የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም። የበደለኝም የውጭ አገር ልዑካን መጋዘናችንን ሊያዩ አዳማ የመጡ ዕለት ነው። ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። የልዑካኑን አገር አልጠራም፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም።

መጋዘኑ የቦሎቄ ነው። ከሻሸመኔና ከቦሰት ገበሬ የተገዛው ቦሎቄ ይገባል፣ ይነፋል፣ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ጠጠሩንና የተበላሸውን ፍሬ በእጅ ይለቅማሉ፤ ከዚያ በጆንያ ሆኖ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይሄዳል። ግቢው ከባሌ አባት የተወረሰ ነው። ሥራው ግን የእኔ ነበር። ባሌ በሕይወት ሳለም ገዢ ሲያነጋግር የሚውለው እሱ፣ ሴቶቹን የምጠራና የማሠራ እኔ ነበርኩ። ዋርሳዬ ሞጆ ላይ የመኪናና የጉምሩክ ጉዳይ ይጨርስልን ነበር፤ ደመወዙን የሚቀበለው ከእኔ እጅ ነው።

በዚያ ዓመት ሁለቱ መንግሥታት ንግድና ኢንቨስትመንት ለማጠናከር ተስማሙ ተባለ። የዚያ አገር ገዢዎች መሃል ላይ ደላላ ሳይገባ ከእኛው ሊገዙ፣ ከተመረጠ አቅራቢ ጋርም በሽርክና የማበጠሪያ ማሽን ሊተክሉ ነው። የንግድ ቢሮው ሰውዬ መጋዘናችን መመረጡን መጥቶ ነገረኝ። ባሌ ሲሞት "ሴትዮዋ ዓመት አትቆይም" ያሉ ነጋዴዎች ነበሩ። አቅራቢ ተብዬ ስሜ ቢጻፍ አፋቸውን እዘጋ ነበር። የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ዋርሳዬ በዋዜማው መጣ።

"እትዬ፣ እርስዎ ምሳውን ይያዙልን። እንግሊዝኛውን እኔ እወጣዋለሁ።"

እውነቱን ነው አልኩ። እንግዳ ከእጇ የበላ ሴት ትከበራለች ሲባል ነው ያደግሁት። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ዶሮውን ጾም ላይ ሆኜ፣ ጨውን ሳልቀምስ ሠራሁት።

ማብሰያው በግቢው ጥግ ስለሆነ ንግግሩን አልሰማሁም። ከለቃሚዎቹ አንዷ ውሃ ልትቀዳ መጣች። "አዴ" ነው የምትለኝ፤ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚባል ነው።

"አዴ፣ ዛሬ ከባለቤትነት ወደ ወጥ ቤት አዘዋወሩዎት እንዴ?"

"ምን ትቀባጥሪያለሽ?"

"እኔ ምን አውቄ! የቢሮው ሰውዬ ዋርሳዎን 'ባለቤቱ' ብሎ አስጨበጨበለት። እኛም አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ?"

ትሪውን ይዤ ገባሁ። ልዑካኑ ይዘዋት የመጡት አስተርጓሚ ልጅ እግር ናት፤ ፈገግ ብላ "እማማ፣ እርስዎም እዚህ ነው የሚሠሩት?" አለችኝ። አፌን ሳልከፍት ዋርሳዬ መለሰላት።

"የወንድሜ ባለቤት ናቸው። እናታችን ማለት ናቸው።"

እንግዶቹ ለወጡ አጨበጨቡልኝ። ከምሳ በኋላ ሰነዱ ላይ አቅራቢ ሆኖ እሱ ፈረመ።

እንደሄዱ "አስተካክለው" አልኩት።

"እትዬ፣ ሁለት መንግሥት ፊት የተባለ ነገር አሁን እንዴት ይታጠፋል? ደግሞስ ቤተሰብ አይደለን? ያው የእኛው ነው።"

"የእኛው ስትል የማን?"

"የወንድሜ ቤት ነዋ።"

ወንድሙን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። እሱ አንድ ቀን አላደረም።

ሽማግሌ ጠራሁ። ሁሉም የባሌን አባት የሚያውቁ ናቸው። "ውጭ ውጭውን እሱ ይያዝ፣ አንቺ ውስጡን ያዢ፤ ያባት ቤት አይበተን" አሉ። መርቀው ተነሡ። አሜን አላልኩም።

ለቃሚ በሰው ነው የምትመጣው። አንዷ እህቷን፣ እህቷ ጎረቤቷን ትጠራለች። የሚያዛትም ስትወልድ ገንፎ ይዞ የሄደ፣ ሐዘን ሲደርስባት አብሯት የተቀመጠ ሰው ነው። ዋርሳዬ ሴቶቹ ከግቢው ጋር የተተከሉ መስሎት ነበር። እኔ ወለንጪቲ ላይ መጋዘን ተከራየሁ። ቅዳሜ ሥራ ሲያበቃ "ከሰኞ ጀምሮ ወለንጪቲ ነኝ፤ መኪና ጠዋት በር ላይ ይቆማል" አልኳቸው። ሰኞ መኪናው ሞልቶ የቀሩት በአውቶቡስ ተከተሉን።

እሱ በደላላ አዳዲስ ለቃሚዎች ሰበሰበ። ልዑካኑ ይዘውት የሄዱት ናሙና የእኛ ለቀማ ነበር። እሱ የጫነላቸው ግን ጠጠር ነበረበትና አልተቀበሉትም። ይህን የሰማሁት ከሾፌሮች ነው። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

በቀጣዩ ዓመት የቢሮው ሰውዬ ወለንጪቲ ድረስ መጣ።

"እናታችን፣ ልዑካኑ ተመልሰው ሊመጡ ነው። እርስዎን እናቅርብ?"

"በማን ስም?"

"በእርስዎ ነዋ" አለ፤ ፊቱን ግን ወደ ጆንያዎቹ አዞረ።

ይህን የሰማው ዋርሳዬም እነዚያኑ ሽማግሌዎች ይዞ "አብረን እንቀበላቸው" ሊል መጣ። አስቀመጥኳቸው፣ ሰማኋቸው፣ እንቢ አልኩ።

ልዑካኑ የመጡ ዕለት በሩ ላይ ቆሜ ተቀበልኳቸው። አስተርጓሚ ከቢሮው ወሰድኩ። ሰነዱን ፈረምኩ። ምሳ ከሆቴል አስመጣሁ።