ለቲቸር የዋሸሁት

ትናንት ቆቦ መናኸሪያ የጎብዬ ሚኒባስ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ አንድ ሰውዬ ትክ ብሎ ያየኛል... ጸጉሩ ሸብቷል። ለካ ድሮ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እንግሊዝኛ ያስተማረን ቲቸር ነው!

ተቃቅፈን ሳንጨርስ «የዚያ ዓመት ማሽላ እንዴት ሆነላችሁ?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ቆላ ዝናብ ይሰስትበታል። ማሽላ የምንዘራው ከደጋው በሚወርደው ጎርፍ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ትልቅ ትንሹ አካፋ ይዞ ይሮጥና ወደ ማሳው ይጠልፈዋል። ካመለጠ አመለጠ፣ አፋር ወርዶ ይቀራል።

የዚያን ቀን በልግ ነው። ቲቸር «ስትራግል» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፎ ትርጉሙን ይደረድራል... መታገል፣ መጣር፣ መፍጨርጨር። በመሃል «ጎርፍ መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። እኛ ብድግ! ቲቸር በሩ ላይ ተገተረ።

«ሰው ከጎርፍ ይሸሻል፣ እናንተ ወደ ጎርፍ ትሮጣላችሁ? በኔ እጅ አንድ ልጅ አይሞትም!»

«ኧረ በአላህ ቲቸር፣ ውሃው እኮ የኛ ነው! አባቴ ብቻውን ነው!» ብዬ ለመንኩት።

በጄ አላለም። ሲለቀን ጎርፉ አልፏል። አባቴን፣ ጎርፉን ሊጠልፍ ለብቻው የከመረው አፈር ተንዶበት ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ማሳው ውሃ አልጠጣም። ያን ዓመት ቤታችን እህል አልገባም... ታላቅ ወንድሜም ሳውዲ እገባለሁ ብሎ በአፋር በኩል ወጣ። እስካሁን ድምፁ የለም። ቲቸር ግን ክረምቱ ሳይገባ ተዛውሮ ስለሄደ ይሄን ሁሉ አላየም።

ታዲያ ይሄን ለሽበታም ሰው መናኸሪያ መሃል እንዴት ብዬ ልንገረው? አሳዘነኝ። «ኧረ በኋላ ሌላ ጎርፍ መጥቶ ማሽላውን አፈስነው!» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ተመስገን! ያን ቃል ባስተማርኩ ቁጥር አባትህ ትዝ እያሉኝ ስጨነቅ ኖሬያለሁ» አለ። ቀጠለና... «እንግዲያ ልክ ነበርኩ ማለት ነው! አሁን ዋጃ ርዕሰ መምህር ሆኛለሁ። ጎርፍ ሲመጣ በሩን ላስቆልፍ ወይስ ልተው እያልኩ ሳመነታ ነበር፤ ገላገልከኝ!»

ክው አልኩ። እውነቱን ልነግረው አፌን ሳልከፍት የዋጃ ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ጎትቶ አስገባው። ስልኩን እንኳን አልተቀበልኩም። ከኋላ ሮጥኩ፣ መስኮቱን ደበደብኩ... ስንብት መስሎት እየሳቀ እጁን አውለበለበልኝ።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል... የኔዋ ግን አንድ ሌሊት አድራ ከብዳ ተገኘች።