በረንዳ ላይ የቆመው መንደር

ነፋስ ያስፈራኛል። በርና መስኮት ፊት ለፊት ተከፍተው ካየሁ አንዱን ሳልዘጋ አላልፍም፤ በዚህ በፈረንጅ አገር የሐምሌ ሙቀት አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አዘግቼ ስንት ሰው ገላምጦኛል። የዚያን ቀን ጠዋትም ያደረግሁት ይኸንኑ ነው። የምንከባከባቸውን ሽማግሌ በረንዳቸው ላይ ካስቀመጥኳቸው በኋላ የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት መሆኑን አየሁ። ጀርባቸውን እንዳይመታቸው ብዬ ተንሸራታቹን የመስታወት በር ከኋላችን ጠረቀምኩት። ውጭ ተቀምጠው የምን ነፋስ እንዳትሉኝ፤ የሜዳ ነፋስና የበር ነፋስ አንድ አይደለም።

ከውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ሌባ በሩን እንዳይገፋው በሐዲዱ ላይ የምናጋድመው ዱላ ነበረን። ከመጥረጊያ እጀታ ቆርጬ በልኩ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በሙያዬም አንድ ሳምንት ሙሉ ስኩራራ ከርሜአለሁ። ያን ጠዋት በሩ አጠገብ አስደግፌው ነበርና፣ በሩን ስጠረቅመው ተንሸራቶ ሐዲዱ ውስጥ ልክክ ብሎ ተኛ። ሥራዬ ጥሩ ነበር። ብገፋው፣ ብነቀንቀው፣ ንቅንቅ አላለም።

ያለነው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ሽማግሌው ስፔናዊ ናቸው፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። እኔ ሰባ አንድ። ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ጉልበቴ እምቢ እስኪለኝ ሣጥን ስሸከም ኖሬ፣ አሁን በሳምንት አራት ቀን ከምኖርበት ከአውሮራ እየነዳሁ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማቸው እመጣለሁ። ምግብ አሞቅላቸዋለሁ፣ መድኃኒት አስታውሳቸዋለሁ፣ በኔም በሳቸውም እንግሊዝኛ እንጨቃጨቃለን። «ወጣቱ» ነው የሚሉኝ።

«ምን ሆነ፣ ወጣቱ?»

«ምንም። በሩ ትንሽ አስቸገረ።»

«ታዲያ ክፈተዋ።»

«እሱ ነው ያስቸገረው።»

መቆለፋችን ብቻ ቢሆን እስቅበት ነበር። ግን በኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በነሱ አመሻሽ ላይ የሳቸው መንደር ይሰበሰባል። መንደሪቱ መንገድ የሚያልቅበት ተራራ ላይ ናት፤ ክረምቷን እዚያ የሚያሳልፉት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። በዓመት አንድ ቀን እያንዳንዱ ቤት አንድ ሠራተኛ ያወጣና በጋራ ይሠራሉ፤ አንዱን ዓመት ድልድይ፣ አንዱን ዓመት የውሃ ቦይ። እኛ አገር ቢሆን ወንፈል እንለው ነበር። የዚያን ዓመት ተራው የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ነበር። ሥራው ሳይጀመር ስብሰባ ተደርጎ ቤቶቹ በየተራ ይጠራሉ፤ ለየቤቱም አንድ ሰው «አለሁ» ማለት አለበት። የሳቸው አባት ቤት ግድግዳው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ አብጦ አላፊውን ያሰጋል። ልጅ የላቸውም፤ ሐኪም አውሮፕላን ከከለከላቸው ቆይቷል፤ ሠራተኛ ሳያወጡም ብዙ ዓመት አልፏል። አፍረው ባለፈው ዓመት «በሚቀጥለው ጥሪ ቤቴ ዝም ካለ ይፍረስ» ብለው በእጃቸው ፈርመዋል። ያን ቀን በቪዲዮ ጥሪ የአንድ ዓመት ጊዜ ሊለምኑ ነበር።

የሚለምኑበት ታብሌት ከመስታወቱ ወዲያ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በስኳር ቆርቆሮ ተደግፎ ቆሟል። የኔ ስልክ ከጃኬቴ ጋር ወንበር ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱንም እንደ ሱቅ ዕቃ ቆመን አየናቸው።

ከታች አንዲት ሴትዮ ውሻ ይዛ አለፈች። ሁለት እጄን አውለበለብኩ። እሷም አውለበለበችልኝና «ጉድ ሞርኒንግ» ብላ ሄደች።

ደመና መጣ። ሰደርያዬን አውልቄ ደረብኩላቸውና በሸሚዝ ቀረሁ። ሽንቴም መጣ፤ በሰባ አንድ ዓመት ሽንት ቀጠሮ አይጠይቅም። ማውራቱ ይሻላል ብዬ «መንደርዎ ምን ይመስላል?» አልኳቸው። ባዶ የፕላስቲክ የአበባ መትከያ ድስቶቻቸውን ከጥግ አስጎትተው መሬት ላይ ያስደረድሩኝ ጀመር። ትልቁ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ አራት ማዕዘን ግንብ አለው፣ ደወሉ የተሰነጠቀ ነው፣ ሲመታ ያስላል። ከሱ በታች ያለው ሰው ሁሉ በተራ ዳቦ የሚጋግርበት የጋራ ምድጃ። ከዚያ የልብስ ማጠቢያው፣ ከዚያ ወንዝ ዳር ያለው የውሃ ወፍጮ። ቤቶቹ ሁሉ ጣሪያቸው ስስ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይደራረባል። አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻዋ አስቀመጡና «ይቺ የኔ ናት» አሉ። ጎንዋ የተጣመመ ነበር።

ጉልበቴ ደክሞ ዝቅ አልኩና አንዱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ተቀመጥክ» አሉኝ።

«ይቅርታ።»

«የእናንተ የፕሮቴስታንቶች ተንኮል ነው?»

«የጉልበት ነው። የሃይማኖት ቢሆን ምድጃውን ነበር የምመርጠው፣ ይሞቃል።»

ያኔ ታብሌቱ በራ። የመንደሩ ጥሪ ነበር፤ ፎቶው የዚያው የቤተ ክርስቲያን ግንብ ነው። በመስታወቱ በኩል ድምፁ አይሰማም፤ ግንቡ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ጠፋ። እንደገና በራ። ሽማግሌው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደገፉ። ሁለተኛው ጥሪ ሲጠፋ ትንፋሻቸው መስታወቱን አደብዝዞት ነበርና በእጅጌያቸው ጠረጉት። የሚታይ ነገር ግን አልነበረም። እኔ ከኋላቸው ቆሜ፣ በሕይወቴ ሙሉ የዘጋሁትን መስኮት ሁሉ ረገምኩ።

ከታች ቅጠል የሚነፋ አትክልተኛ ብቅ አለ። ማሽኑ ይጮኻል፣ ጆሮው ተሸፍኗል። ጮኽኩ፤ አልሰማም።

«ወርውርበት» አሉኝ።

«ምን?»

መሬት ላይ ያለውን መንደር ትንሽ አሰቡበት። «ወፍጮውን። እሱ እንደሆነ ድሮም ወድቋል።»

ወፍጮውን ወረወርኩ። ሰውየው ፊት፣ ሣሩ ላይ፣ አረፈ። ቀና አለ። ሽማግሌው በስፓኒሽ አወረዱበት፤ ሰውየው ማሽኑን ጥሎ ሮጠ። የሕንፃው ኃላፊ ቁልፍ ይዞ ገብቶ ዱላውን ሲያነሳልን ግን አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

እኔ መጀመሪያ የሮጥኩት ወዴት እንደሆነ አልናገርም። ስመለስ ታብሌቱ ላይ የመንደሩ ሊቀመንበር፣ መነጽር ያደረገች ሴትዮ፣ ከፊቷ ደብተር ዘርግታ ታወራለች። ከኋላዋ ሰዎች ካፖርታቸውን እየለበሱ ነው። ሽማግሌው ወደኔ ዞረው ተረጎሙልኝ።

«ቤትዎ ሁለት ጊዜ ተጠራ፣ የመለሰ የለም፣ ተጽፏል ነው የምትለው።»

«ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ይንገሯት።»

ነገሯት። ዱላውን አንስቼ አሳየኋት፤ በሩን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ነፋሱንም በእጄ አስረዳሁ። አንዱ ካፖርቱን ለብሶ ሳይጨርስ ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። አንድ ነገር ጠየቀች።

«ምን አለች?»

«ቅዳሜ ለሥራው ቤቱ ሰው አለው ወይ አለች።»

ቢለምኑኝ ኖሮ ዝም እል ነበር መሰለኝ። አልለመኑኝም። ገና ሰደርያዬን እንደደረቡ ነበሩ።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

ተረጎሙ። እዚያ ማዶ ጫጫታ ሆነ። ሴትዮዋ «ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው፣ በክንፉ ነው የሚመጣው?» አለች። ከኋላዋ ጥቁር ሻርፕ ያደረገች አንዲት ባልቴት ብድግ ብላ ቀስ እያለች ተናገረች።

«የሱን ቀን እኔ እሠራለታለሁ ትላለች» አሉኝ ሽማግሌው። «ስትመጣ በአንድ ቀን ማገዶዋን ትከምርላታለህ። ዕድሜህንም ትጠይቃለች።»

«ሰባ አንድ በሏት።»

ነገሯት። መለሰች።

«ልጅ ነው፣ ይችላል አለች።»

ሊቀመንበሯ እስክሪብቶ አንስታ የጻፈችውን ሰረዘች።

ቅዳሜ ባልቴቲቱ ከሰው ጋር ተሰልፋ የጣሪያውን ድንጋይ እጅ በእጅ ስታቀብል የተነሳችው ፎቶ መጣልን። በሳምንቱ የሳቸው ቤት ግድግዳ በወፍራም እንጨት ተደግፎ አየነው። ሽማግሌው ፎቶውን እስኪያደክማቸው አጎሉት።

እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ የቀኑን ዋጋ ልላክላት አልኩ። በሳቸው በኩል መልስ መጣ፦ ገንዘብ ማገዶ አይከምርም። እውነቷን ነው፤ ወንፈል የሚመለሰው በወገብ ነው። ሐኪሜ ጎንበስ አትበል ብሎኛል፤ የት አገር ሄጄ እንደምጎነበስ ግን አልነገርኩትም። ፓስፖርቴን አሳድሻለሁ። ስሟን እንኳ ለማላውቃት ሴትዮ፣ አይቼው በማላውቀው ተራራ ላይ፣ የአንድ ቀን ማገዶ አለብኝ።