ወንድም የለኝም ብዬ የሞላሁት ፎርም

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ቀይ ሽብሩ በረደ እየተባለ እስር ቤቶቹ ግን ገና ባልጎደሉበት ሰሞን ነው። ያኔ የነርስ ተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሞት ስላየሁ እንባዬ ቅርብ አይደለም፤ ልጆቼም ድርቅ ያልሽ ነሽ ይሉኛል። ይሁን እንጂ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ «የቤተሰብ ሁኔታ» የሚል ፎርም ሲሰጡኝ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ፈዝዤ እቀራለሁ። ምክንያቱን ከእናቴ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው።

ትውልዴ ኮምቦልቻ ነው። አባቴ ሁሴን የእህል ነጋዴ ነበር። እናቴ እሱን ከማግባቷ በፊት ደሴ ውስጥ ክርስቲያን ባል ነበራት፤ ከእሱም ጌታቸው የሚባል ወንድ ልጅ ወልዳለች። ሲፋቱ ልጁ ከአባቱ ዘንድ ቀረ፣ እሷ እስልምናን ተቀብላ አባቴን አገባች። እኛ አገር እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። ጌታቸው በእኛም በእነሱም በዓል እየመጣ እኛ ቤት ያድር ነበር። እኔ ወንድም ጋሼ እለዋለሁ። ሲያድግ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤት ተከራይቶ አስተማሪ ሆነ። ነርስ የመሆንን ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ የከተተውም እሱ ነው።

ሰሜን ሄጄ አንድ ዓመት እንደተማርኩ ጦርነቱ ወደ ከተማው ተጠጋና ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። የውጤት ወረቀቴንና መልቀቂያዬን በጉያዬ ይዤ፣ በወታደር በሚታጀብ መኪና ተሳፍሬ አገሬ ገባሁ። ስደርስ ጌታቸው ታስሯል። ቤቱ በራሪ ወረቀት ተገኘ ብለው ነው የወሰዱት። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ በዚያ ዘመን ይህን የሚጠይቅ ሰውም አልነበረም።

ደሴ ያለው የነርሶች ማሠልጠኛ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንዲት ልጅ አግብታ አቋርጣ ኖሮ አንድ ቦታ አለ ተባለ። ከእኔው ትምህርት ቤት የተበተንን ሦስት ልጆች ለዝውውር አመለከትን። የውጤት ወረቀትና መልቀቂያ ነበረኝ። የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤም ያለ ችግር አገኘሁ፤ የኮምቦልቻ ቀበሌያችን ጌታቸውን አያውቀውም። እኔ በአባቴ ሁሴን እባላለሁ፣ እሱ በራሱ አባት ይጠራል። ወረቀት ላይ አንገናኝም።

የቀረው በገዛ እጅ የሚሞላው የግል ታሪክ ፎርም ነው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ወንድምና እህት ካለ ስም፣ ሥራ፣ አሁን ያሉበት ቦታ፤ የታሰረ ዘመድ ካለ ይገለጽ ይላል። 

«ተይው» አለችኝ። «እሱ የእኔ ልጅ ነው፣ የወረቀት ልጅ አይደለም። አላህ ያውቀዋል።»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ታናሽ እህቴን ጻፍኩና ወንድም የሚለው ላይ «የለም» ብዬ ሞላሁ።

ሬጅስትራሩ ቀጭን፣ መነጽሩ በክር የተጠገነ፣ ፈገግታ የማያውቅ ሰው ነበር። ፎርሜን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ወንድም የለሽም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለኝም ጌታዬ አልኩት፣ ቶሎ። ከሦስታችን የእኔ ውጤት ይሻል ስለነበር ተቀበለኝ፤ ነገር ግን ዋናው ፋይሌ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ በሙከራ መሆኑን ነገረኝ። የተዘጋው ትምህርት ቤታችን ፋይሎች እዚያ ተወስደው ነበር።

 እዚያ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ስመዘገብ ግን ጌታቸውን በገዛ እጄ፣ በኩራት፣ «ወንድም፣ መምህር፣ ደሴ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፋይሉ መንገድ ላይ እንዲጠፋ በየሶላቱ ስለምን ከረምኩ። አላህን እንዲህ ያለ ነገር መለመን ያሳፍራል፤ ግን ለመንኩ።

ትምህርት እንደጀመርኩ ለልምምድ ሆስፒታል ተመደብን። ያን ሰሞን እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገብቶ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሦስት እስረኞች በቃሬዛ መጡ፤ ሦስተኛው ጌታቸው ነበር። ጺሙ አድጎ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ በዓይኑ ነው የለየሁት። መቆም እንኳ የማይችለውን ሰው አንድ እግሩን ከአልጋው ብረት ጋር በሰንሰለት አሰሩት። ጠመንጃ የያዘ ዘበኛም ከአጠገቡ ተቀመጠ።

እሱም አየኝ። ልጮህ ነበር መሰለኝ፣ አፌ ተከፍቶ ነበር። ቀደመኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጥቂት ቆይቶ እንደማንኛውም በሽተኛ «ሲስተር፣ ውሃ» አለ። በሕይወቴ ሲስተር ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው ወንድሜ ነው።

ሦስት ቀን አስታመምኩት። ትኩሳቱን ለካሁ፣ ገላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ፣ ምሳውን በማንኪያ አጎረስኩት። ለሌሎቹ ከማደርገው አንዲት ነገር አስበልጬ እንዳልታይ እጠነቀቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ አለ።

«እዚህ ተዛወርሽ?» አለኝ፣ ድምፁ ከመድከሙ የተነሣ ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት።

«በሙከራ ነው።»

«እኔን ጽፈሻል?»

«አልጻፍኩህም፣ ወንድም ጋሼ።»

«ደግ አደረግሽ» አለና ትንፋሹን ሰበሰበ። «ለእማም እዚህ መሆኔን አትንገሪያት። መጥታ ካለቀሰች ያውቁብሻል።»

ይቅር በለኝ ልለው ስል የዘበኛው ጫማ ተሰማኝ። ቴርሞሜትሩን ከብብቱ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቁጥሩን ግን ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሞተ። ዋና ነርሷ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ምንም አታውቅም። የአስከሬን አያያዝ ገና እንዳልተለማመድን አስታወሰችና እኔንና አንዲት ጓደኛዬን ጠራችን። ዓይኑን ከደንኩ። አገጩን በፋሻ አሰርኩ። እጆቹን አጥቤ ደረቱ ላይ አስተካከልኩ። ማተቡን ፈትቼ ለእናቴ ልወስድላት ፈልጌ ነበር፤ አልደፈርኩም። ካርዱ ላይ ዘመድ የሚለውን ለመሙላት ዋና ነርሷ ዘበኛውን ጠየቀችው፤ የለውም አላት። እኔ ቆሜ እየሰማሁ የለውም ብላ ጻፈች። ለእኔም በልምምድ መዝገቤ ላይ «የተረጋጋች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ» የሚል ጥሩ አስተያየት ሰጠችኝ። አስከሬኑን በወታደር መኪና ወሰዱት። የት እንደቀበሩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ በየማክሰኞና ቅዳሜው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሀረጎን አቀበት በአውቶቡስ እየወጣች ስንቅ ታመጣለት ነበር። የእስር ቤቱ ዘበኞች በር ላይ ይቀበሏትና የፊተኛውን ባዶ ሳህን ይመልሱላታል። ሳህኑ ባዶ ከሆነ ልጇ አለ ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ከመመለሷ በፊት ሰኞ ገበያ በሚባለው የደሴ ገበያ እንገናኛለን። ጌታቸው በሞተ በሦስተኛው ቀን በሰው መሐል እየተጋፋች መጣችና ሳህኑን አሳየችኝ።

«ዛሬም በልቶታል» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኳት።

ለዚያች ቃል ራሴን ይቅር ብዬ አላውቅም።

ፋይሌ የመጣው ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ሬጅስትራሩ አስጠራኝና አሮጌውን ፎርም ከአዲሱ ጎን ዘረጋው። ጣቱ የወንድሜ ስም ላይ ነበር።

«ጌታቸው ማን ነው?»

«የእናቴ ልጅ ነው ጌታዬ።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ሞቷል» አልኩ። ቃሉን በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር፤ መርዶውን ያን ጊዜ ገና የሰማሁ መሰለኝ። ሳይፈቅድልኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሬጅስትራሩ ተነሥቶ በሩን ዘጋው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርግ ቆየ።

«እንግዲያው የሞላሽው ልክ ነው» አለኝ። «ወንድም የለሽም።»

ማህተሙን መታበት። ጭካኔ ይሁን ርኅራኄ ያኔ አልገባኝም። ስወጣ ግን አሮጌዋን ገጽ ከፋይሉ ነጥሎ ሲያጥፋትና ኪሱ ሲከታት አይቻለሁ። ያን ያደረገ ሰው ምን ሊደርስበት ይችል እንደነበር የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም።

እናቴ ግን ያኔም ስንቁን ታመላልስ ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ዘበኞቹ ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። ያ ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማልቀስ ስለተከለከለ ቤት ዘግታ ተቀመጠች። እኔም አዲስ እንደሰማ ሰው አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለአባቴም ቢሆን ትንፍሽ አላልኩም።

ደርግ ወድቆ፣ እሷም አርጅታ እኔ ቤት ተኝታ ሳስታምማት፣ አንድ ቀን ሁሉንም ነገርኳት። ሰንሰለቱን፣ ውሃውን፣ ፋሻውን፣ አልሐምዱሊላህ ያልኩትንም። እርግማኗን ነበር የምጠብቀው።

«አውቄ ነበር» አለችኝ። «ያን ቅዳሜ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ልጠይቅሽ ፈራሁ። ማክሰኞ በሥጋ ወጥ ሠርቼ ወሰድኩ። ሁዳዴ ነበር። ቅዳሜ ሳህኑ ተልሶ መጣልኝ።»

ጌታቸው ጾም የሚገድፍ ሰው አልነበረም። የእስላም ሥጋማ በፍስክም ቀምሶ አያውቅም፤ እናቴ ዕድሜ ልኳን ሽሮና ምስር ነው የምትሠራለት። ታዲያ ካወቅሽ ለምን ትመላለሺ ነበር፣ ከአምስት ሳምንት በላይ የማንን ስንቅ ነው የተሸከምሽው አልኳት። ቁጣ ቁጣ ብሎኝ ነበር።

«ሳይነግሩኝ ብቀር ማን ነገራት አይሉም?» አለችኝ። «ሆስፒታል ያለሽው አንቺ ነሽ። ትምህርትሽን ሳትጨርሺ ሊወስዱሽ ነው?»

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ሰው ጎበዝ ነበርሽ፣ በውጤትሽ ነው የተዛወርሽው ሲለኝ ውስጤ ያፍራል፣ ይበግናልም። እሷ በየማክሰኞና ቅዳሜው ለልጇ አሳሪዎች ምሳ እየሠራች፣ ባዶ ሳህናቸውን እየተቀበለች፣ እግዜር ይስጥልኝ እያለች ትመለስ ነበር።