ለአባባ የተቀመጠችው ፎቶ

ልጅ እያለሁ ፎቶ አንሺ ወደ ግቢያችን ሲገባ እፈራ ነበር። እኩዮቼ ካሜራ የሚያዩት በዓል ሲመጣ፣ አዲስ ልብስ ሲገዛላቸው ነው። እኔ ያወቅኩት ግን አባቴ ይኑር ይሙት ባላወቅንበት ክረምት፣ ጋምቤላ ነው።

አባባ የእርሻ ባለሙያ ነበር። ክልል መባሉ ገና አዲስ ሆኖ፣ የየቢሮው ታፔላ ቀለም ሳይደርቅ፣ ጎግ ወረዳ ባለሙያ የለም ተብሎ ተላከ። እማዬ ሆስፒታል ነርስ ስለነበረች እኛ ከተማው ውስጥ ቀረን። ሲሄድ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ትንሹ ወንድሜ ሲወለድ አባባ አልነበረም። ከዚያ ዝናቡ ገባ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ መንገድ ላይ ሰው ተገደለ የሚል ወሬም መጣ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ አልነበረም። እማዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ በግብርና ቢሮ በኩል ዞራ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛውን ትጠይቃለች፤ እሱም "ሲስተር፣ ጎግ አይሰማም" ይላታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው ፊቷን ነበር። ፊቷ እንደ ጠዋቱ ከሆነ ምንም አልተሰማም ማለት ነው፤ ያኔ ምሳዬን እበላለሁ።

ወሬው እግር አውጥቶ ጎጃም ደረሰ። እምዬ የምንላት የአባባ እናት ልጇ እንደሞተ ነግረዋት ኖሮ በአንድ የጭነት መኪና ሹፌር መልእክት ላከችብን። ሹፌሩ ቆሞ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ቃል በቃል ነው የነገረን። "ደብዳቤ እንዳትልኩልኝ። ደብዳቤ ማንም ይጽፈዋል። የልጄን ፊት አሳዩኝ፤ አለበለዚያ ልቅሶ እቀመጣለሁ።"

እማዬ "በቁሙ ሊያለቅሱበት ነው" አለች። በቁሙ መሆኑን ግን እሷም እርግጠኛ አልነበረችም። እኔም ይህን አውቅ ነበር፤ ልጅ የማያውቅ የሚመስላቸው ትልልቆች ናቸው። ለጊዜው የእኛን ፎቶ ልኬ ላረጋጋት ብላ ኡጁሉን አስጠራችው።

ኡጁሉ የአኙዋ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ። ቤቱ ከአቦቦ በኩል የሚመጡ መኪኖች ሰው የሚያወርዱበት ቦታ አጠገብ ነበር። ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች አበባና ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ዘርግተው፣ ሰውን ወታደር አስመስለው አቁመው፣ በአንድ ጊዜ ቀጭ አድርገው ይሸኛሉ። ኡጁሉ ግን መጀመሪያ ያለ ካሜራ መጣ። ግቢያችንን ዞረ፣ የማንጎው ጥላ የት እንደሚወድቅ አየ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ ያረፈው ብርሃን ተመልሶ ፊቴ ላይ ሲያርፍ አገጬን ይዞ ግራና ቀኝ አዞረኝ። እማዬ ልብሳችንን ቀይራ እንደተዘጋጀች ብትነግረው "ዛሬ አይሆንም። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፤ ዓይን ጥላ ውስጥ ይጠፋል። ነገ ጠዋት" ብሎ ሄደ። እማዬ ተናደደች። እሷ የቸኮለችው እምዬ ልቅሶ ሳትቀመጥ እንዲደርስላት ነበር።

በማግስቱ ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጣት፣ ወንድሜን አሳቀፋት፣ እኔን ከትከሻዋ ሥር አቆመኝ። ካሜራው የተበላሸበት መስሎ ሲነካካ ቆየ። በኋላ እንደገባኝ ይህ ዘዴው ነበር፤ ሰው መጠበቅ ሲሰለቸው የፎቶ ፊቱን ትቶ የራሱን ፊት ያመጣል። ከዚያ አይቶ አይቶ "ሲስተር፣ ሻሹን አውልቂው" አላት። እማዬ ከወለደች በኋላ ታይፎይድ ይዟት ፀጉሯ ስለረገፈ ተላጭታ ነበር። እምቢ አለች። "ጭንቅላትሽ ቅርጹ ቆንጆ ነው። ብርሃኑ እዚያ ላይ ነው ያለው" አላት። ደክሟት ነበር መሰለኝ፣ አወለቀችው።

ፎቶው ሲደርስ ኡጁሉ በጋዜጣ ጠቅልሎ ራሱ አመጣው። ጥቁርና ነጭ ነው። እንዲያ ያለ ፎቶ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የእማዬ ግንባር ላይ ብርሃኑ ተኝቶበታል፣ ዓይኖቿ ከግቢው ውጭ አንድ ነገር ያያሉ፣ የወንድሜ ትንፋሽ የሚሰማ ይመስላል። እኔ ደስ ብሎኝ ቀና ስል እማዬ ፎቶውን ከፊቷ ስታርቀው አየሁ።

"ኡጁሉ፣ ምን አደረግከኝ?" አለችው ቀስ ብላ። "ይሄ የሐዘን ፎቶ ነው።"

"ሐዘን የታለ ሲስተር? በጣም ያምራል።"

"እኛ አገር ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ባሏ ሲሞት ነው። እሱ አጠገቤ የለ፤ እኔ ተላጭቼ፣ ልጆቹን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። ይሄን ብልክላት እምዬ ሌላ መርዶ ነጋሪ አያስፈልጋትም።"

ኡጁሉ ፎቶውን ተቀብሎ እንደ አዲስ አየው። "እኛ ጋ እናቴም እህቴም ፀጉራቸው እንደዚህ ነው" አለ። "እኔ ያየሁት እነሱን ነው።" ልቅደደው ብሎ ቢጠይቃት እማዬ ደነገጠች። መቅደድም ሟርት መሰላት። ሳጥን ውስጥ በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሳጥን ከፍቶ ልብስ ማውጣት ያስፈራኝ ነበር።

ኡጁሉ የተነሳውን ፊልም በጨለማ ቆርጦ ስላጠበው፣ ካሜራው ውስጥ አንዲት ፎቶ የምታነሳ ቁራጭ ብቻ ቀርታ ነበር። ሌላ ፊልም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሰው መለመን፣ መጠበቅም አለ። ኡጁሉ ያቺን "የጌታሁን ናት" ብሎ አስቀመጣት። ጌታሁን አባባ ነው። ለመታወቂያ የመጣውን ሁሉ ይመልሳል፤ ሰርግ ያለበት ሰው ቢቆጣውም አልሰጠም። እኔ ይህን ስሰማ ልቤ ይሞቅ ነበር፤ ሰው ለሌለ ሰው ፊልም አያስቀምጥም ብዬ። እማዬ ግን ኡጁሉን ፈራችው፤ ባየችው ቁጥር አባባ አለመምጣቱ ትዝ ይላታል። መንገድ ላይ ሲያገኛት "አለች፣ አልነካኋትም" ይላታል፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። አንድ ቀን "ምናለ አንስቶባት ቢገላግለኝ" ስትል ሰማኋት።

አባባ የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት ነው። መጀመሪያ ያየሁት ኡጁሉን ነበር፤ ወደ ኋላው እየተራመደ ወደ ግቢያችን ይገባል። ከፊቱ ጭቃ በጭቃ የሆነ፣ ጺሙ ያደገ፣ ልብሱ የሰፋው ሰው ይመጣል። ኡጁሉ ከመኪና ሲወርድ አግኝቶት ካሜራውን ይዞ ተከትሎታል። አባባ መሆኑን ያወቅኩት በድምፁ ነው። ስሜን ሲጠራ ጠጠሩን ጣልኩና እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። ላብ ላብ፣ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር።

እማዬ ወንድሜን እንደታቀፈች ከቤት ወጣች። ስታየው ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። "ልብሱን ይቀይር፤ እባክህ ኡጁሉ፣ ጺሙን ይላጭ፣ እናቱ በዚህ ሁኔታ እንዳታየው" አለች፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ከአፏ የወጣው ይሄ ነው። ኡጁሉ "ከተላጨ የድሮ ፎቶ ነው ትላለች" አላት። "ልጁን ስጪው። እናትየው ይሄን ልጅ አይታው አታውቅም። የድሮ ሊሆን አይችልም።"

አባባ ልጁን ተቀበለ። አለቀሰ፤ ኡጁሉ አላነሳም። እማዬም አለቀሰች፤ አሁንም አላነሳም። ካሜራው ዓይኑ ላይ ነው፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ደመና እየመጣ ነበር፤ እኔ በልቤ አንሳው፣ አንሳው እላለሁ። ወንድሜ የማያውቀው ሰው እጅ ላይ ሆኖ ሊያለቅስ ከንፈሩን ጣለ፣ ከዚያ ጺሙን አየ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ ጎተተው። አባባ "እህ!" ብሎ ሳቀ። ቀጭ አለ። እማዬ ሻሽ አለማድረጓን ቀጭ ሊል ሲል አስታውሳ ነበር፤ ከፎቶው ልትወጣ ወደ ጎን ስትል፣ ልጁ እንዳይወድቅ ብላ የዘረጋቻት እጇ ብቻ ቀረች።

ግን ገና አላለቀም። ፊልም በጋምቤላ ሙቀት ማጠብ የራሱ ጭንቅ ነው። ውሃው ከሞቀ መድኃኒቱ ምስሉን ይበላዋል፤ የባሮ ወንዝ ውሃ ደግሞ በክረምት ጭቃ ነው። ኡጁሉ የተጠለለ ውሃ በእንስራ ሞልቶ፣ እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ዛፍ ሥር ያሳድራል። አባባ ከጎግ ይዞት የመጣው ወባ ተነስቶበት አልጋ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ እኔ የኡጁሉ ጎጆ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። በብርድ ልብስ ከታፈነው መስኮት ኮምጣጤ የሚመስል ሽታ ይወጣል። ከአንድ ነገር ሌላ አላሰብኩም፤ ፎቶው ከተበላሸ አባባም አይድንም ብዬ ነበር። ኡጁሉ ሲወጣ ኔጋቲቩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አሳየኝ። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ የማን ፊት እንደሆነ አልለይ አለኝ፤ "ሳቁን እይ" አለኝ፤ አየሁት።

ፎቶው በዚያው ሹፌር እጅ ጎጃም ሄደ። እምዬ ልቅሶ አልተቀመጠችም።

ብዙ ዓመት ቆይቶ እሷ ስታርፍ ከአባባ ጋር ለቀብር ሄድን። አክስቴ ከእምዬ ትራስ ሥር የተገኘ ነው ብላ ፎቶውን ሰጠችው። ጺሙን የጨበጡት ትንንሽ እጆች አሉ፣ የእማዬ እጅ አለች። ፊቱ የነበረበት ቦታ ግን ነጭ ነው፣ ተልጦ ወረቀቱ ወጥቷል።

"ፊቴስ የታለ?" አለ አባባ።

"ጠዋት ጠዋት ስትስመው ስትስመው አለቀ" አለችው አክስቴ።

ዛሬ እኔ ስልኬ ውስጥ ያሉትን የልጆቼን ፎቶዎች ቁጥር አላውቀውም። ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ ሲወጡ፣ ሲበሉ አነሳለሁ፤ ወዲያው አያለሁ፣ ካልወደድኩት አጠፋለሁ፣ ማንም በር ላይ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ያ ጭንቀት ይመለስ አልልም፤ ለጠላቴም አልመኘውም። ልጆቼ ሲዘገዩብኝ ግን ስልኩን እከፍትና ፊታቸውን አያለሁ። ሁሉም ጥርት ብለዋል። አንዱም ላይ ከንፈር አርፎ አያውቅም።